አሮጌ ቤት በጎንደር፦ የሚከፈለው ለግድግዳው ነው ወይስ ለሰፈሩ?

ጎንደር፦ መኸር ተሰብስቦ፣ እህል ተሸጦ፣ ከብት ከበረት ሲወጣ ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ወደ ጎንደር ከሚወርዱት አርሶ አደሮች መካከል ለገበያ ብቻ የማይመጡ አሉ። ልጆቻቸው ተከራይተው ከሚማሩ የራሳቸው ጣሪያ እንዲኖራቸው፣ ቤተሰብ ሲታመም ማረፊያ እንዲገኝ፣ የሰላም እጦት ሲያስጨንቅም የሚጠጉበት ደጅ እንዲኖር ቤት ይፈልጋሉ። በከተማዋ ውስጥም ለዓመታት በኪራይ የኖሩ መምህራን፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ያጠራቀሙትን ይዘው ይኼንኑ ገበያ ይጎበኛሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚገቡ የግንባታ ዕቃዎች ላይ የታየው ጭማሪ አዲስ ቤት መሥራትን ለብዙዎች አርቆታል። የብዙ ገዥ ዓይን በአሮጌ ቤት ላይ የሚያርፈውም ከዚህ የተነሳ ነው። አሮጌ ቤት ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ውኃና መብራት ገብቶለታል፤ ዕድርና ጎረቤት አለው። ከዋጋው ጀርባ ያለውን ሳይመረምሩ መግዛት ግን የአንድ ቤተሰብን የሃያ ዓመት ጥሪት በአንድ ፊርማ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ደላላው በአብዛኛው የሚያሳየው ቤቱን ነው፤ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ወለሉ ሊሾ መሆን አለመሆኑን፣ በሩ ብረት መሆኑን። ዋጋውን የሚወስነው ግን በአብዛኛው ቤቱ ያለበት ሰፈር ነው። ቤቱን ከሰፈሩ ጋር አስተያይቶ መመዘን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሕጉ የሚያውቀውና ገበያው የሚያውቀው

በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ያው አንቀጽ ዜጎች በመሬቱ ላይ በጉልበታቸው ወይም በገንዘባቸው ለሠሩት ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳላቸው፣ ሊሸጡትና ሊያወርሱትም እንደሚችሉ ይገልጻል። ስለዚህ በሽያጭ ውል ላይ የሚሰፍረው ቤቱ ነው፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ አጥሩ።

ገበያው ግን በዚህ መንገድ አያስብም። አንድ ዓይነት የጭቃ ቤት በፒያሳ አካባቢና በከተማዋ ዳርቻ ፈጽሞ የተለያየ ዋጋ ይጠራበታል። ጭቃው፣ እንጨቱና ቆርቆሮው አንድ ነው። የዋጋው ልዩነት የመጣው ከመንገዱ፣ ከገበያው፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከውኃ መስመሩና ከጎረቤቱ ነው። ገዥው በውሉ ላይ ቤት ገዛ ይባላል፤ ከኪሱ የሚወጣው አብዛኛው ገንዘብ ግን ቤቱ ለሚገኝበት ቦታ ነው።

ጎንደር የቤት ግብይትን ዛሬ አልጀመረችም። ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መናገሻ ካደረጓት በኋላ፣ በተለይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የቤትና የመሬት ሽያጭ ከነዋጋው፣ ከነምስክሮቹና ከነዋሱ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ላይ ይመዘገብ ነበር። እነዚያ መዛግብት እስከ ዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች ምንጭ ናቸው። ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ማን እንደመሰከረና ማን ዋስ እንደሆነ መጻፋቸው የዚያን ዘመን ሰዎች ቤት መግዛት ከጎረቤት ጋር መተሳሰር መሆኑን አጥብቀው ያውቁ እንደነበር ያሳያል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የዚያ ውሳኔ አሻራ እስከ ዛሬ በጎንደር ነባር ሰፈሮች ግቢዎች ውስጥ ይታያል። በአንድ አጥር ውስጥ አንዱ ቤት የግል፣ ሌላው የቀበሌ፣ መጸዳጃውና የውኃ ቧንቧው ደግሞ የጋራ የሆነበት ግቢ ጥቂት አይደለም።

በውዱ ቦታ ያለው ደካማ ቤት

ብዙ ገዥዎች «ቤቱ ቢያረጅም ቦታው ጥሩ ነው» በሚል ሐሳብ ይጽናናሉ። አባባሉ እውነት አለው፤ ግድግዳ ይታደሳል፣ ሰፈር ግን አይታደስም። ይሁን እንጂ ሰፈሩ ራሱ በፕላን የሚለወጥ ከሆነ ይኼው አባባል ወጥመድ ይሆናል።

ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቀቅበትን ሥርዓት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለባለይዞታው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሳ፣ ምትክ ቦታ ወይም ቤት እንዲሁም ለኢኮኖሚያዊ ጉዳትና ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ክፍያ እንዲሰጥ ያዝዛል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1336 ማሻሻያ ተደርጎበታል። የካሳው መሠረት ንብረቱን ለመተካት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። ገዥው ለፒያሳ ቅርበት የከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ምትኩ ቦታ ደግሞ የግድ በዚያው ሰፈር አይሆንም።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። በውድ ቦታ ላይ ባለ ደካማ ቤት ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ትልቁን አደጋ ተሸክሟል። ከከፈለው ውስጥ በካሳ የሚመለስለት የቤቱ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ትልቁ ድርሻ የቦታው ነውና። በአንጻሩ በመካከለኛ ሰፈር ጠንካራ ቤት የገዛ ሰው ቢነሳ እንኳ የከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው በግድግዳውና በጣሪያው ውስጥ ስላለ የሚያጣው ያነሰ ነው።

ይኼ በሐሳብ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ አካባቢ ለኮሪደር ልማት ሲባል ለበርካታ አሥርት ዓመታት የቆዩ ሰፈሮች ተነሥተው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። በላሊበላ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሠፍሩ ተደርጓል። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ዳርቻ ተዛውረዋል። ምክንያቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ የአንድ ቦታ ዕጣ ከአንድ ቤት ባለቤት ፍላጎት ውጭ ሊወሰን እንደሚችል ግን ሁሉም ያሳያሉ።

በጎንደርም የኮሪደር ልማትና የአብያተ መንግሥታት ጥገና ሥራዎች የከተማዋን ማዕከል ገጽታ እየለወጡ ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ የእግረኛ መንገድ ሲነጠፍና መብራት ሲተከል ከመንገዱ ጀርባ የሚቀሩት ቤቶች ዋጋ ይጨምራል። በመንገዱ ላይ ያሉት ግን ወይ ይነሣሉ፣ ወይ ፊት ለፊታቸውን በተወሰነ ደረጃ እንዲያድሱ ይጠየቃሉ። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ውስጥ በሃምሳ ሜትር ርቀት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቤቶች ተቃራኒ ዕጣ ሊገጥማቸው ይችላል። ገዥው ከደላላው ቃል ይልቅ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ የመንገዱ ስፋት ስንት እንደተያዘለት ከሚመለከተው የከተማው መምሪያ ማረጋገጥ አለበት።

ዋጋውን ለሁለት ከፍሎ ማየት

የአሮጌ ቤትን ዋጋ ለመመዘን ቀላሉ ዘዴ የተጠራውን ዋጋ የቤቱና የቦታው ብሎ ለሁለት መክፈል ነው። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

ለአንድ አሮጌ ቤት 4 ሚሊዮን ብር ተጠየቀ እንበል። ያንኑ የሚያህል ቤት ዛሬ በተመሳሳይ ቁሳቁስ ለመሥራት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ይፈጃል። ቤቱ ግማሽ ዕድሜውን የጨረሰ ከሆነ የቤቱ ድርሻ 600 ሺህ ብር ገደማ ነው። ቀሪው 3 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር የሚከፈለው ለሰፈሩ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ገዥው ራሱን መጠየቅ ያለበት «ይኼ ሰፈር 3 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር የሚያወጣ ምን አለው? ከአሥር ዓመት በኋላስ ይኖረዋል?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ በዚያው መንገድ ላይ በደህና ይዞታ ያለ ቤት በቅርቡ በስንት እንደተሸጠ ማወቅ ነው። ሻጩ የጠየቀው ሳይሆን ገዥው የከፈለው ዋጋ ነው የሚፈለገው። ጎረቤቶች፣ የዕድር ዳኞች፣ በሰፈሩ ያሉ ሱቆች ይኼን ከደላላ በተሻለ ያውቃሉ። ያ ቤት በ4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ተሽጦ ከሆነና የሚታየው አሮጌ ቤት ለእድሳት 500 ሺህ ብር የሚፈልግ ከሆነ፣ ገዥው በጠቅላላው 4 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ሊያወጣ ነው። የሰፈሩ ጣሪያ ከሆነው ዋጋ በ300 ሺህ ብር ይበልጣል። በዚህ ሁኔታ የአሮጌው ቤት ተገቢ ዋጋ ከ3 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር አይበልጥም፤ የስም ማዛወሪያ ወጪዎችም ገና አልተቆጠሩም።

በሌላ አገላለጽ፣ ቤትን ከሰፈሩ በላይ ማሳመር ገንዘብን መቅበር ነው። በጭቃ ቤቶች መካከል ውድ ሴራሚክና የእብነ በረድ ደረጃ ያስገባ ሰው ሲሸጥ የሚያገኘው የሰፈሩን ዋጋ እንጂ የሴራሚኩን ዋጋ አይደለም። በአንጻሩ በደህና ቤቶች መካከል ያለ፣ መሠረቱ ጠንካራ ሆኖ መልኩ ብቻ የተጎሳቆለ ቤት ከሁሉም የተሻለ ግዢ ነው፤ ሰፈሩ ወደ ላይ ይጎትተዋል።

በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም በዚህ ስሌት መግባት ይኖርበታል። ታክሱ ተግባራዊ በሚሆንበት ከተማ ከፍ ያለ ግምት ባለው ሰፈር መኖር በየዓመቱ የሚከፈል ወጪ አለው። የሚከራይ ክፍል ያለው ቤት ይኼን ወጪ ሊሸፍን ይችላል፤ የጡረታ ገቢ ብቻ ላለው ወይም ከእርሻ ገቢው ለሚከፍል ቤተሰብ ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

የጎንደር ሰፈሮች ምን ያስተምራሉ?

ጎንደር አንድ ዓይነት ከተማ አይደለችም። ከአብያተ መንግሥታቱ ዙሪያ እንደ እጨጌ ቤትና አቡን ቤት ያሉ ጥንታዊ ሰፈሮች አሉ፤ በፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተገነቡ የድንጋይና የሲሚንቶ ሕንፃዎች ይገኛሉ፤ በማራኪ በኩል ዩኒቨርሲቲው የሚፈጥረው የኪራይ ፍላጎት አለ፤ አዘዞ ደግሞ በአየር ማረፊያው መስመር የምትሰፋ የከተማዋ ሌላ ክንፍ ናት። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ጥቅምና የራሱን ዕዳ ይዞ ይመጣል።

በቅርሱ አቅራቢያ ያለ ቤት ለእንግዳ ማረፊያ ይመቻል። በጥምቀት ሰሞን በዐፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያለው የማረፊያ ፍላጎት ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ የፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1979 ነው፤ በዙሪያው የሚሠራው ሕንፃ ከፍታና ዓይነት ሊገደብ ይችላል። ቤቱ ራሱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ማፍረስም ሆነ መለወጥ አይቻልም። «አፍርሼ ባለ አራት ፎቅ እሠራለሁ» ብሎ የሚገዛ ሰው ይኼን ሳያረጋግጥ ከገዛ ያሰበውን ላያገኝ ይችላል። አሮጌውን ቤት ጠብቆ ለመኖር ለሚፈልግ ግን ይኼው ገደብ ጥበቃ ነው፤ ብርሃኑን የሚጋርድ ፎቅ በአጠገቡ አይበቅልበትም።

ውኃ የጎንደር ሰፈሮችን ከሚለያዩ ነገሮች ዋነኛው ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የተደገፈችበት የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል፤ ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ግንባታም ለዓመታት ተጓቷል። ነዋሪው ውኃ በፈረቃ ማግኘትን ለምዷል። በተለይ ኮረብታ ላይ ባሉ ሰፈሮች የቧንቧ መኖር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ውኃው በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ መጠየቅ፣ የጎረቤቶችን የውኃ ማጠራቀሚያ ብዛት መመልከት ከሻጩ መልስ በላይ ይናገራል። በየቤቱ ትልልቅ በርሜልና ሮቶ የተደረደረበት ሰፈር ውኃ የሚጠፋበት ሰፈር ነው።

አቀማመጡም መታየት ይኖርበታል። ጎንደር በተራሮች መካከል፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች የተከበበች ናት። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ በበጋ የታየ ቤት ስለ ክረምቱ ምንም አይናገርም። ከላይ ያሉ ግቢዎች ጎርፍ ወዴት ይወርዳል? የድጋፍ ግንቡ የማን ነው? ቦዩ የተደፈነ ነው ወይስ የተጠረገ? በአዘዞ በኩል ወደ ደንቢያ በሚዘልቀው ሜዳማ ክፍል ደግሞ ጥቁር የዋልካ አፈር ያጋጥማል። ይኼ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነን ቤት ግድግዳውን ይከፍለዋል።

ቤቱን በዓይንና በእጅ መመርመር

የአሮጌ ቤት ጤንነት ከቀለሙ አይታወቅም። አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ በተለይ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ የታደሰ ከሆነ፣ እርጥበት ለመሸፈን የተደረገ ሊሆን ይችላል። በጭቃ ቤት ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የቋሚው እንጨት ሥር ነው። ምርጉን በጥቂቱ ፈቅፍቆ እንጨቱን በቢላ ጫፍ መውጋት ምስጥ የበላውን ከጤነኛው ይለያል። ጣሪያው ላይ ወራጁና ማገሩ ጎብጦ ከሆነ፣ በኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ካለ፣ ቆርቆሮው ያፈስሳል ማለት ነው።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ፀጉር የሚያህል የልስን ስንጥቅ ብዙ አያሰጋም። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ያመለክታል፤ ባለሙያ ሳያየው ዋጋ መጥራት አይገባም።

በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ነባር ቤቶች ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። የኖራ ግንብ እርጥበትን ወደ ውስጥ አስገብቶ መልሶ ያስወጣል። በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ከውስጥ ታፍኖ ድንጋዩንና ማያያዣውን ይበላዋል። በፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን በማይስማማ ቁሳቁስ የተደረጉ ጥገናዎች በኋላ ዘመን በኖራ መተካታቸው ለዚህ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት የሚገዛ ሰው የኖራ ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ ማግኘቱን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ከግቢው ውጭ ደግሞ መኪና ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚመጥጥ መኪናና የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ጠባብ መንገድ ዋጋን ይቀንሳል። የመብራት ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ፣ ከስንት ቤት ጋር እንደሚጋራም መታየት አለበት።

ሰፈርን በቀንና በማታ ማየትም ጥቅም አለው። ቀን ጸጥ ያለው መንገድ ማታ የመጠጥ ቤት ደጅ ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን የሚውል ገበያ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። የዕድሩ ጥንካሬ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሰፈሩን ጤና ይናገራል። አባላቱ የሚተዋወቁበት፣ ችግር ሲደርስ የሚደርሱበት ሰፈር ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ፣ በተለይ ልጆቹን ብቻቸውን ለሚያኖር ወላጅ፣ ከሴራሚክ ወለል ይበልጣል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ምን ይላል?

የነባር ሰፈር ቤቶች አብዛኞቹ ከሊዝ ሥርዓት በፊት በተያዘ ይዞታ ላይ ያረፉ ናቸው። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 721/2004 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ይዞታው ወደ ሊዝ እንደሚገባ ይደነግጋል። ሻጩ በዓመት ጥቂት ብር የቦታ ኪራይ እየከፈለ የኖረበት ቤት ለገዥው ከሊዝ ክፍያ ጋር ሊመጣ ይችላል። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ነው። ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ ከውል በፊት ከከተማው የመሬት ክፍል መጠየቅና በዋጋ ድርድር ውስጥ ማስገባት ብልህነት ነው።

የቀበሌ ቤት አይሸጥም። «ቁልፍ ሽያጭ» እየተባለ በየሰፈሩ የሚደረገው ልውውጥ ገዥውን ባለቤት አያደርገውም፤ ገንዘቡን ከፍሎ ያለ መብት የሚቀር ሰው ፍርድ ቤት ቢሄድም የሚይዘው ነገር የለውም። ግቢው ከቀበሌ ቤት ጋር የተጋራ ከሆነ ደግሞ በካርታው ላይ የግል ይዞታው ወሰን የት እንደሚያበቃ፣ መግቢያውና መጸዳጃው የማን እንደሆነ በቦታው ተለክቶ መታየት አለበት።

አሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ የውርስ ቤት ነው። ካርታው በሟች አባት ስም እንዳለ አንዱ ልጅ ብቻ ቢሸጥ፣ ሌሎቹ ወራሾች ከዓመታት በኋላ ሊመጡ ይችላሉ። የወራሽነት ማስረጃና የሁሉም ወራሾች ፊርማ ያስፈልጋል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም በክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፤ የባል ፊርማ ያለ ሚስት፣ የሚስትም ያለ ባል በቂ አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል። በሽማግሌ ፊት ተጽፎ በኪስ የሚቀመጥ ወረቀት ይኼን አይተካም። ስለ ቀብድም ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሰጠው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ዕዳና እገዳ ሳይጣራ፣ ፕላኑ ሳይታይ ቀብድ መስጠት ራስን ማሰር ነው።

የአርሶ አደሩ ደብተርና የከተማው ካርታ

በዳባት፣ በደባርቅና በአምባ ጊዮርጊስ ከተሞች ዳርቻ ሌላ ዓይነት ፈተና አለ። ከተሞቹ ወደ እርሻ ማሳ ሲሰፉ በአርሶ አደሩ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የተሠሩ ቤቶች ለሽያጭ ይቀርባሉ። የገጠር መሬት ደብተር የመጠቀም መብት ማስረጃ ነው፤ የከተማ ቤት ካርታ አይደለም። ያለ ግንባታ ፈቃድ በሌሊት የበቀለ «የጨረቃ ቤት» ከገዛ ሰው ላይ ያለ ካሳ ሊፈርስ ይችላል። ቤቱ አሥር ዓመት ስለቆየ ብቻ ሕጋዊ አይሆንም።

ለሻጩ አርሶ አደርም ኪሳራ ነው። ማሳውን በቁራጭ እየሸነሸነ በስውር የሸጠ ሰው ከተማው በሕጋዊ መንገድ ሲደርስ ሊያገኝ የሚችለውን ካሳና ምትክ ያጣል። ጎንደር ላይ አሮጌ ቤት ለመግዛት ሲል ማሳውን በጨረቃ ቤት ሒሳብ የሚሸጥ አርሶ አደር ሁለት ጊዜ ሊጎዳ ይችላል፤ አንዴ በሸጠው፣ አንዴ በገዛው።

ከፍ ባለው የሰሜን ተራሮች አካባቢ ቤት ለሚገዛ ሰው ብርዱም ይታሰባል። ደባርቅ ከጎንደር በእጅጉ ከፍ ያለች ስትሆን፣ በቀጭን ቆርቆሮና ያለ ኮርኒስ የተሠራ ቤት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይከብዳል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው አሮጌ ቤት በዚያ ከአዲስ የብሎኬት ቤት ሊሻል ይችላል።

ምን ይደረግ?

ገዥው ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠው ብዙ ጉዳት ይቀራል። በተለምዶ ቤቱ ይታያል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ቀብድ ይሰጣል፣ ከዚያ ወረቀት ይጠየቃል። መሆን የሚገባው መጀመሪያ ፕላኑና ካርታው፣ ቀጥሎ ሰፈሩ በቀንና በማታ፣ ቢቻል በበጋና በክረምት፣ ቀጥሎ ቤቱ ከግንበኛ ጋር፣ በመጨረሻ ዋጋው ነው። ለአንድ ቀን የግንበኛ ክፍያ የሚወጣው ገንዘብ ከሚያድነው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

የከተማ አስተዳደሮችም ድርሻ አላቸው። አንድ ቦታ በፕላኑ ለምን እንደተመደበ፣ በኮሪደር ልማት መስመር ላይ መሆን አለመሆኑን፣ የሊዝ ክፍያው ስንት ሊሆን እንደሚችል ማንኛውም ገዥ በቀላሉ በጽሑፍ የሚያገኝበት አሠራር ቢኖር፣ መረጃው ለደላላና ለሚያውቅ ሰው ብቻ የሚሸጥ ሸቀጥ መሆኑ ይቀር ነበር። መረጃ በሌለበት ገበያ የሚጎዳው ከሩቅ የሚመጣው፣ ሰፈሩን የማያውቀውና ዕድል አንድ ጊዜ ብቻ ያለው ገዥ ነው።

በሬውን ሸጦ ለመጣ ቤተሰብ ይኼ ግዢ ሁለተኛ ሙከራ የለውም። ቀብድ ከመቁጠሩ በፊት አንድ ሳምንት ወስዶ ፕላኑን መጠየቅ፣ ጎረቤትን ማነጋገርና የግድግዳውን ሥር መፈቅፈቅ የሚያጸጽት ድካም አይደለም።